ከኮሪያ ወደ ሽሮ ሜዳ፦ የአንዲት ወጣት ሚስዮናዊት ውሎ

«ሚስዮናዊ» ሲባል ምን ይመጣባችኋል? እስካለፈው ዓመት ድረስ ለእኔ የሚመጣብኝ በታሪክ መጽሐፍ ላይ ያየሁት፣ ጢሙን ያስረዘመ፣ ባርኔጣ ያደረገና በቅሎ ላይ የተቀመጠ ፈረንጅ ነበር። አሁን የማውቃት ሚስዮናዊት ግን የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። በበቅሎ ፋንታ ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው ሚኒባስ ተጨናንቃ ትሄዳለች። ፈረንጅም አይደለችም፣ ኮሪያዊት ናት። የሰፈራችን ልጆች ግን ኮሪያ ምናምን አያውቁም፤ ባዩዋት ቁጥር «ቻይና! ቻይና!» ነው።

እኔ በሳምንት ሦስት ቀን አማርኛ አስጠናታለሁ። የምትከፍለኝ ገንዘብ ለታክሲና ለፎቶ ኮፒ ትበቃኛለች። ይህን ጽሑፍ ላዘጋጅ ስላት «ጻፊ፣ ስሜን ግን ተይው» ስላለችኝ እዚህ ላይ «ተማሪዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ በዕድሜ የምትበልጠኝ እሷ ብትሆንም።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። የኮሪያ አብያተ ክርስቲያናት ዕድሜ ልካቸውን ከሚያገለግሉት ሚስዮናውያን ሌላ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት የሚልኳቸው ወጣቶች አሏቸው። «የአጭር ጊዜ ሚስዮናዊ» ይባላሉ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ወይም ትምህርታቸውን አቋርጠው የወጡ ናቸው። የእኔዋ ተማሪ የመጣችው ለሁለት ዓመት ነው፤ በአንድ የሕፃናት ማዕከል ፒያኖና ኮምፒውተር ታስተምራለች። ደመወዝ የላትም። የቤት ኪራይዋንና የምግቧን ወጪ የሚሸፍኑት አገሯ ያሉት የቤተ ክርስቲያኗ ምእመናን፣ ዘመዶቿና ጓደኞቿ ናቸው፤ እያንዳንዱ በወር ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። እሷ ደግሞ በምላሹ በየወሩ «የጸሎት ደብዳቤ» ትልክላቸዋለች። ምን ሠራች፣ ማንን አገኘች፣ ስለ ምን ይጸለይላት፣ ከሦስት አራት ፎቶ ጋር። ይህን ደብዳቤ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኮሪያ ራሷ በአንድ ወቅት ተቀባይ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1885 በፋሲካ ዕለት ኢንቾን ወደብ ላይ ከወረዱት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን መካከል አንደርዉድ 25 ዓመቱ፣ አፐንዜለር ደግሞ 27 ዓመቱ ነበር። ተማሪዬ ይህን ስታወራ «እነሱም እንደ እኔ ቋንቋ አያውቁም ነበር» ብላ ትጽናናለች። ዛሬ ኮሪያ ብዙ ሚስዮናውያን ከሚልኩ አገሮች ተርታ ናት። ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም፤ ገርጂ ያለውንና ሰው ሁሉ «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚለውን እ.ኤ.አ. በ2004 የከፈተው ሴኡል የሚገኘው የምዩንግሰንግ ቤተ ክርስቲያን ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው። አስጠኚ ስሆን የመጀመሪያ ቀን ፊደል ገበታውን ዘርግቼ ትደነግጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ጭራሽ! የእሷም አገር የራሱ ፊደል አለው፤ ንጉሥ ሴጆንግ በ15ኛው መቶ ዘመን ያስወጡት። «እናንተም የራሳችሁ አላችሁ?» ብላ ደስ አላት። ሰዋስዉም ቢሆን ለአሜሪካዊ የሚከብደው ለእሷ ይቀላታል፤ ምክንያቱም ኮሪያኛም እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «እኔ ትናንት ቡና ጠጣሁ» የሚለውን ቃል በቃል በኮሪያኛ ብታስቀምጡት ቅደም ተከተሉ ያው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚሰቃዩባት «እ» እንኳ ኮሪያኛ ውስጥ የምትቀርባት ድምፅ አለች።

ችግሩ «ፈ» እና «ዘ» ላይ ነው፤ ሁለቱም በኮሪያኛ የሉም። ስለዚህ ዝናብ «ጅናብ» ይሆናል፣ ፎቶ «ፖቶ» ይሆናል። «ረ» እና «ለ»ም ይምታቱባታል። ጾታ የሚባል ነገር በግሣቸው ውስጥ ስለሌለም እናቴን ለሁለት ወር ያህል «ደህና ዋልክ?» እያለች ስትጠይቃት ከርማለች። እናቴም ሳቋን ውጣ «ደህና ዋልኩ» ትላታለች።

በጣም የገረመኝ ግን የአክብሮቱ ነገር ነው። ኮሪያኛ ከእኛ «አንቱ» የባሰ ነው፤ ሰው በዕድሜው፣ በሥራው፣ በዝምድናው ግሡ ይለዋወጥለታል። ስለዚህ «እርስዎ»ን ስነግራት እፎይ አለችና ለሁሉም ሰው አደለችው። የታክሲ ረዳቱን፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነውን ልጅ፣ «እባክዎ ያውርዱኝ» ስትለው ሚኒባሱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱ ግን ደረቱን ነፍቶ ወርዶ በሩን ያዘላት።

ከዚያ ጸሎት መጣ። በማዕከሉ ሕፃናት ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ልትጸልይ አጥንታ ሄደች፤ እግዚአብሔርንም «እርስዎ» አለችው። ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ማታ እያለቀሰች መጣች። እኛ እግዚአብሔርን «አንተ»፣ እመቤታችንን «አንቺ» እንደምንል ሳስረዳት አላመነችኝም። በእሷ ቋንቋ ጸሎት የሚደረገው በመጨረሻው የአክብሮት ደረጃ ነውና ለጎረቤት ሽማግሌ የሚነፈገውን «አንተ» ለፈጣሪ እንዴት? ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ቅርብ ነው ማለት ነው» አለች። እኔ ስለዚህ ነገር አስቤ አላውቅም ነበር። (ቋንቋ ማስጠናት ትርፉ ይኼ ነው፤ የራስሽን ቋንቋ አዲስ ታደርግልሻለች።)

በነገራችን ላይ ሚስዮናዊ አማርኛ መማር አለበት የሚለው ነገር ድሮም ሕግ ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1944 በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስለ ሚስዮኖች የወጣው ድንጋጌ አገሪቱን ለሚስዮን «ክፍት» እና «ዝግ» ብሎ ሲከፍል፣ ሚስዮናውያኑ አማርኛ እንዲማሩም ይጠብቅባቸው ነበር።

ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የታወቀ ነው። የመጀመሪያ ቀጠሯችን ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ እሷ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጥታ፣ እኔ ክፍል ተቀምጬ፣ ደጃችን ላይ አንድ ሰዓት ቆማለች። የዓመቱ ነገር ግን ያስቃል። በኮሪያ ልማድ ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነው፣ በየአዲስ ዓመቱም አንድ ይጨመርለታል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 ጀምሮ ግን ዕድሜ በሕግ ፊት እንደ ሌላው ዓለም መቆጠር ጀመረ። «በአንድ ቀን ታናሽ ሆንኩ፤ አዲስ አበባ ስደርስ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ራሱ ወደ ኋላ ሄደ፣ እዚህ ብቆይ ሕፃን እሆናለሁ» ትላለች።

ከተማዋን መልመድ ከቋንቋው በላይ ጊዜ ወሰደባት። መጀመሪያ ትንፋሹ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ናት፤ ሽሮ ሜዳ ደግሞ የእንጦጦ ግርጌ ስለሆነ ከዚያም ይበልጣል። ከሸማኔዎቹ ሱቆች እስከ ቤቷ ያለችውን ዳገት ለመውጣት ሁለት ጊዜ ትቆም ነበር። ቀጥሎ ሌሊቱ። እሁድ ሌሊት የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሲጀምር መጀመሪያ አደጋ የደረሰ መስሏት ከአልጋዋ ዘልላ ወርዳለች። አሁን ተኝታ ታዳምጠዋለች። ከዚያ «ቻይና» የሚለው ጩኸት። ስድብ አለመሆኑን ብነግራትም በቀን ሃያ ጊዜ ሲሆን ስድብ ይሆናል፤ እኔም ተከራክሬ አላሸንፋትም። አንድ ቀን ብቻ ለውጥ አየች። ሹፌሩ ከየት ነሽ ብሎ ጠይቋት «ኮሪያ» ስትለው አያቱ እ.ኤ.አ. በ1951 ከሄደው የቃኘው ሻለቃ ጋር የዘመቱ መሆናቸውን ነግሯት ሂሳብ አልቀበልም አለ። በማግሥቱ አፍንጮ በር ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ይዣት ሄድኩ። እዚያ ቆማ የተሰማትን አልጠየቅኋትም።

የእናቴስ? እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ ረቡዕና ዓርብ የማታፈርስ። ማስጠናት ስጀምር የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ልታስለውጥሽ ነው?» የሚል ነበር። ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በአክሱም ከንጉሥ ኢዛና ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን ለሆነ አገር ወንጌል ላስተምር ብሎ መምጣት ብዙ ሰው እንደ ንቀት ያየዋል፣ ጎረቤቶቻችንም በግልጽ ይሉታል። ተማሪዬም ይህን የተረዳችው እዚህ ከደረሰች በኋላ ነው። እናቴን ያሸነፈቻት በስብከት አይደለም። አንድ ቀን ስኒውን በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ተቀበለች። ለካ እነሱም አገር ለታላቅ ሰው የሚሰጠውም ከታላቅ የሚቀበሉትም እንዲህ ነው! እናቴ «አሳዳጊ ያሳደጋት ናት» አለች፤ በቃ። ከዚያ ጉርሻ መጣ፤ እነሱም ሥጋ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው ለሚወዱት ሰው ያጎርሳሉ አሉ። በዓርብ ቀን የዶሮ ወጥ ሠርታ ይዛ የመጣችበትን ታሪክ ለሌላ ጊዜ።

እንግዲህ ደብዳቤው። ባለፈው መጋቢት የወሩን ደብዳቤ ጨርሳ ልካ፣ ደስ ብሏት ስልኳን ሰጠችኝ። ኮሪያኛውን ተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛ መለሰልኝ። ሦስተኛው ፎቶ ላይ እናቴ ናት! በራችን ላይ፣ በቤት ቀሚሷ፣ ጎንበስ ብላ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ። ከሥሩ «ንጹሕ ውሃ የሌላቸው ጎረቤቶቼ፤ ጸልዩላቸው» ይላል።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። በመጣ ዕለት ጀሪካኑን፣ በርሜሉን፣ ባልዲውን ሁሉ መሙላት ነው። ያስቸግራል፣ አልክድም። ግን ቧንቧ አለን። ተናድጄ ምን እንዳልኳት በደንብ አላስታውስም፤ ለአንድ ሳምንት አላስጠናኋትም። እናቴ ስትሰማ የተናደደችው በሌላ ነው። «ውሃ የላቸውም ብላ ነው የጻፈችው? ታዲያ ቡናውን በምን አፈላሁላት!»

ሳምንቱ ሲያልፍ ቁጭ ብለን አወራን። የነገረችኝ ይህ ነው። ደብዳቤውን የሚያነቡት ሰዎች ሥራ ሲሄዱ ባቡር ውስጥ፣ አንድ ገጽ ብቻ ያነባሉ። አፍሪካን የሚያውቋት በቴሌቪዥን የእርዳታ ማስታወቂያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት «ቡና ጠጣን፣ ሳቅን፣ ቋንቋ ተማርኩ» ብላ ስትጽፍ መልስ የሚልክላት ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ችግር ስትጽፍ መልሱም ጸሎቱም ገንዘቡም ይበዛል። ስለዚህ ሳታውቀው ካሜራዋ ችግር ወዳለበት መዞር ጀመረ።

እኔም ልፈርድባት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። አንደኛ ዓመት የፎቶ ዜና ሥራ ሲሰጠን ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያላነሳ ከክፍላችን ማን ነበር? እኔ ያነሳኋቸውን እናት ስማቸውን አልጠየቅኩም። «የሕይወት ሸክም» ምናምን ብዬ ጻፍኩበት፣ ጥሩ ማርክ አገኘሁበት። በራችን ላይ በየቀኑ ያልፋሉ፤ ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

የሚያዝያውን ደብዳቤ ከመላኳ በፊት ለእናቴ በአማርኛ አነበበችላት፤ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ፈረቃው እንዴት እንደሚሠራ፣ ውሃ በመጣ ሌሊት ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ፣ ያለፈው ወር ጽሑፏም ልክ እንዳልነበረ ጽፋለች። እናቴ አንድ ቦታ ብቻ አስቆመቻት፤ «ጎረቤቴ» የሚለውን አውጥታ «እናቴ» እንድትል። ከኮሪያ ከመጡት መልሶች አንዱ የአንዲት አሮጊት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ልጅ ሆነው እሳቸውም ውሃ ተሸክመው ያውቃሉ። አንድ ደጋፊ ደግሞ በዚያው ወር መዋጮውን አቁሟል። በደብዳቤው ይሁን በሌላ ምክንያት ተማሪዬ አታውቅም፤ ለመጠየቅም አፍራለች። ብቻ ታክሲ ትታ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሯ መውረድ ጀምራለች።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደጃችን ቆማ አገኘናት፤ ስልኳን ይዛ «ፖቶ ላንሳዎት?» አለቻት እናቴን፣ አሁን ደግሞ በ«እርስዎ» ሆኖ። እናቴ «ቆይ፣ ነጠላዬን ላስተካክል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ጀበናውንም ይዛ ነበር።