ብዥታው የማን ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ ጌም ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ባለቤቱ ወጣት ነው። አዲስ ያስገባቸውን አራት ሞኒተሮች እያሳየኝ፣ «ሁሉም 144 ሄርዝ ናቸው፤ ለካውንተር ስትራይክ ብዬ ነው ያመጣኋቸው» አለኝ። አንዱ ፊት ተቀምጬ ማውሱን ግራና ቀኝ ሳንቀሳቅሰው ጠቋሚዋ ቀስት ትቆራረጣለች። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሳይ 60 ሄርዝ ላይ ነው። ቀጥሎ ያለውም 60፤ የቀሩት ሁለቱም 60። «ከገዛሃቸው ስንት ጊዜ ሆነ?» ብዬ ብጠይቀው «ሰባት ወር» አለ። 144 የሚለውን መረጥኩለት፤ ስክሪኑ ለአፍታ ጨልሞ ተመለሰ። ልጁ ማውሱን ተቀብሎኝ በጠቋሚዋ አንዴ ክብ ሠራ፤ ደገመ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ተነስቶ ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ሄደ።

እንዲህ ያለ ነገር ስንቴ እንዳየሁ አልቆጠርኩም። ዕቁብ የሚጣለው ለግራፊክስ ካርዱ ነው። ኪቦርዱ በቀለማት መብራቱ፣ ወንበሩ የእሽቅድምድም መኪና ወንበር መምሰሉ በጥንቃቄ ይጣራል። ሞኒተሩ ጋ ሲደረስ ብሩ ያልቅና ከቢሮ የወጣ አሮጌ ስክሪን ይገዛል፤ ወይም ጥሩው ይገዛና ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ብቻ እየታመነ 60 ላይ ታስሮ ይኖራል። ያ ሁሉ ወጪ ግን ዓይናችን ጋ የሚደርሰው በዚህች አንዲት መስኮት በኩል ነው።

መሠረቱን ሁሉም ስለሚያውቀው ቶሎ ልለፈው። ሄርዝ ስክሪኑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ ይነግረናል። በ60 ሄርዝ እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል፤ በ144 ሄርዝ 6.9፣ በ240 ሄርዝ 4.2፣ በ360 ሄርዝ ደግሞ 2.8። ጠላት ከግድግዳ ጥግ ብቅ ሲል ቀድሞ የሚያየው ምስሉ ቶሎ የሚታደስለት ነው። ይህን የማያውቅ ተጫዋች የለም። ብዙዎች የማያውቁት፣ እኔም ሻይ ቤት ተቀምጬ ሰው የማሰለችበት ጉዳይ ብዥታው ነው።

ስክሪን ላይ የሚሮጥ ነገር ጠርዙ ይደበዝዛል። ሰው ሁሉ ሞኒተሩ ዘገምተኛ ስለሆነ ይመስለዋል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ። በዛሬ ሞኒተር ላይ ትልቁን ብዥታ የሚሠራው ግን የራሳችን ዓይን ነው።

በሚኒባስ መስኮት የሱቅ ታፔላ አንብባችሁ ታውቃላችሁ። ታክሲው ይሄዳል፤ ዓይናችሁ ታፔላውን ይከተለዋል፤ ስለተከተለውም ፊደሉ ይነበባል። ስክሪን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚሮጠው ወታደር በእውነት አይሮጥም። በ60 ሄርዝ ስክሪን ላይ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ ይበራል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቦታ ይዘላል፤ እንደገና ቆሞ ይበራል። ዓይን ደግሞ እየዘለለ አይከተልም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያሳድድ ሳያቋርጥ ይንሸራተታል። ምስሉ ቆሞ ዓይን ሲንሸራተት፣ ምስሉ በዓይናችን ውስጥ እንዳልደረቀ ቀለም ይጎተታል። ብዥታው ይኸው ነው። ስክሪኑ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ስሌቱም ቀላል ነው። አንድ ነገር በሰከንድ 960 ፒክስል ቢጓዝ፣ ማለትም የተለመደውን ባለ 1920 ፒክስል ስክሪን በሁለት ሰከንድ ቢያቋርጥ፣ በ60 ሄርዝ 16 ፒክስል የሚሆን ብዥታ ይጎትታል። በ144 ሄርዝ ወደ 7 ይወርዳል፤ በ240 ሄርዝ 4 ይሆናል። የሩቅ ጠላት ጭንቅላት ከጥቂት ፒክስል አይበልጥም። በ16 ፒክስል ብዥታ ውስጥ ጭንቅላትና ትከሻ አይለዩም።

ያላመነ ይሞክረው። ቴስት ዩፎ በሚባለው የስክሪን መፈተሻ ላይ ለዓይን ክትትል የተዘጋጀ ፈተና አለ። ሁለት በራሪ ሳህኖች ይታያሉ፤ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ይሄዳል፤ ከኋላቸው ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉ። የቆመውን ስታዩ መስመሮቹ መስመር ናቸው። የሚሄደውን በዓይናችሁ ስትከተሉ እነዚያው መስመሮች የዳማ ገበታ ይሆናሉ። ስክሪኑ ያንኑ ነው የሚያሳየው፤ የተለወጠው የእናንተ አስተያየት ነው። ይህን ለአንድ የፊዚክስ መምህር ወዳጄ ባሳየው ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ሲያይ ቆየ።

ሆዳሙ የድሮ ስክሪን፣ ባለ ካቶዱ፣ ይህ ችግር አልነበረበትም። እያንዳንዷ ነጥብ ብልጭ ብላ ወዲያው ትደበዝዛለች፤ ዓይን ሲንሸራተት የሚጎትተው ምስል አይቆይለትም። ካውንተር ስትራይክ 1.6 በምንጫወትበት ዘመን 17 ኢንች ሆዳም ታቅፌ የጓደኛዬን ደረጃ ስወጣ እራገም ነበር። ቀጫጭኖቹ ሲመጡ «ተገላገልን» ብለን ተቀበልናቸው። ጨዋታው ለምን እንደደፈረሰብን የገባኝ ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

ቀጭኑ ስክሪን፣ ኤልሲዲው፣ ወደ 120 ሄርዝ ያደገበት ምክንያትም ያስቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ ለገበያ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ 120 ሄርዝ ሞኒተሮች የታሰቡት ከኤንቪዲያ ባለ ሦስት አውታር መነጽር ጋር እንዲሠሩ ነበር። መነጽሩ ግራና ቀኝ ዓይንን እያፈራረቀ ስለሚሸፍን ለእያንዳንዱ ዓይን 60 እንዲደርሰው ስክሪኑ 120 መሆን ነበረበት። የመነጽሩ ፋሽን አለፈ፤ ተጫዋቾች ፍጥነቱን አስቀሩት። በ2020 ባለ 360 ሄርዝ፣ በ2023 ባለ 540 ሄርዝ ሞኒተር ገበያ ላይ ዋለ።

ቁጥሩ ሲያድግ ጥቅሙ እኩል አያድግም። ከ60 ወደ 144 መዝለል በየምስሉ ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ያተርፋል። ከ144 ወደ 240 ትርፉ 3 አይሞላም። ከ240 ወደ 360 አንድ ተኩል እንኳ አይደርስም። የመጀመሪያውን ዝላይ ማንም ሰው በዓይኑ ያየዋል፤ ሁለተኛውን ብዙ የተጫወተ ሰው በእጁ ያውቀዋል፤ ሦስተኛው ኑሮው ጨዋታ ለሆነ ሰው ነው።

ሌላም መድኃኒት አለ። አንዳንድ ሞኒተሮች የጀርባ መብራታቸውን በየምስሉ ብልጭ አድርገው በማጥፋት የሆዳሙን ስክሪን ጠባይ ይኮርጃሉ። በካውንተር ስትራይክ ፕሮፌሽናሎች ዘንድ የታወቀው የቤንኪው ዞዊ ዳያክ የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። ስክሪኑ ይፈዛል፤ አንዳንድ ሰው ራሱን ያመዋል። ተስማምቶት የሚጠቀምበት ግን በቀላሉ አይለቀውም።

አሁን ካርቶኑ ላይ በትልቁ ወደተጻፈችው «1 ሚሊ ሰከንድ» ልምጣ። አንድ ሻጭ «1 ሚሊ ሰከንድ ማለት 1000 ሄርዝ ማለት ነው» ሲለኝ ሰምቼ ዝም ብዬ ወጥቻለሁ። ያ ቁጥር የሚናገረው አንድ ፒክስል ከአንድ ግራጫ ወደ ሌላ ለመለወጥ የሚፈጅበትን ጊዜ ነው። ሲለካም በተለምዶ የለውጡ የመጀመሪያ አሥር በመቶና የመጨረሻው አሥር በመቶ አይቆጠሩም። የሚጻፈውም አምራቹ ያገኘው ምርጡ ውጤት ነው፤ ያውም ኦቨርድራይቭ የሚባለው ማፋጠኛ ጥግ ድረስ ተከፍቶ። ያን ማፋጠኛ እናንተም ጥግ ከከፈታችሁት ፒክስሉ ከታለመለት ቀለም አልፎ ይሄድና ከሚሮጠው ነገር ኋላ ነጭ ጥላ ይከተላል። መሃለኛው ላይ ተዉት። «ኤም ፒ አር ቲ» የሚል ጽሑፍ አጠገቡ ካለ ደግሞ ልኬቱ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያን ቁጥር የሚያስገኘው ቅድም ያልኩት የመብራት ብልጭታ ነው።

ኦሌድ ስክሪን የፒክስል ዝግመት የለበትም ማለት ይቻላል፤ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ይለወጣል። እሱን በ60 ሄርዝ ብታስሩት ግን ያው 16 ፒክስል ብዥታ ይጠብቃችኋል። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ ጥፋቱ የፒክስሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኦሌድ በ60ም ጥርት ባለ ነበር። በ240 ሄርዝ ኦሌድ ዕጹብ ነው። ሆኖም አንድ ዓይነት ጨዋታ ቀኑን ሙሉ ለሚከፍት ጌም ቤት አልመክረውም፤ ጥግ ላይ የማትነቃነቀዋ ካርታ ከጊዜ ብዛት ስክሪኑ ላይ ማህተም ትተዋለች።

የቀሩትን የስክሪን ዓይነቶችና ሌሎች ነጥቦች በአጭሩ። አይ ፒ ኤስ ለብዙ ሰው ይበቃል። ቪ ኤ ጥቁሩ ያምራል፤ ነገር ግን ከጨለማ ቀለም ወደ ጨለማ ቀለም ሲለወጥ ይዘገያል፤ በጨለማ ጥግ የሚያልፍ ጠላት ጭራ ያወጣል። ቲ ኤን ፈጣን ነው፤ ቀለሙ ግን ከጎን ሲያዩት ይጠፋል፤ ብቻውን ለሚጫወት ጉዳት የለውም። መጠኑ 24 ወይም 25 ኢንች ይሁን፤ አንገት ሳይዞር ሁሉም ጥግ የሚታይበት ልክ እሱ ነው። ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ። ጂ ሲንክና ፍሪ ሲንክ የሞኒተሩን እድሳት ከግራፊክስ ካርዱ ፍሬም ጋር ያስማማሉ፤ ካለ ጥሩ ነው።

ገመዱ ላይ ግን ልቆጣ። የድሮው ኤችዲኤምአይ 1.4 በ1920 በ1080 ምስል ብዙውን ጊዜ 120 ሄርዝ ላይ ያቆማል። ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 በዚያው መጠን 240ን ይሸከማል። ሞኒተሩን ገዝታችሁ መሳቢያ ውስጥ በተገኘ ገመድ ከምታስሩት፣ ካርቶኑ ውስጥ የመጣውን ዲስፕሌይ ፖርት አውጡ። ገመዱንም ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰኩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካ ገመድ ስንት አይቻለሁ! ዕቁብ ተጥሎለት የተገዛው ካርድ ያኔ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ኮምፒውተሩም ልኩን ይወቅ። ጨዋታው በሰከንድ 90 ፍሬም ብቻ የሚሰጥ ከሆነ 240 ሄርዝ ባዶ ወንበር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የፍሬም ቆጣሪውን ከፍታችሁ ጭስና ተኩስ በበዛበት ሰዓት ስንት ላይ እንደሚወርድ እዩ፤ ምርጫችሁ ከዚያ ቁጥር ይነሳ። ከአዲስ አበባ ዱባይ ወይም አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር የሚጫወት ሰው ደግሞ የኔትወርኩ መዘግየት በሞኒተር እንደማይድን ይወቅ። ሞኒተሩ የሚያሳጥረው የመጨረሻዋን መንገድ ነው፤ ከስክሪኑ እስከ ዓይን ያለችውን።

ፍርዴ ይህ ነው፦ 60 ላይ ያለ ሰው 144 ወይም 165 ይግዛ፤ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም። 144 ኖሮት ለውድድር የሚጫወትና ኮምፒውተሩ የሚችልለት ወደ 240 ይሂድ። ከዚያ በላይ ለማውጣት ያሰበ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ያስተካክል።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ያላችሁን ፈትሹ። በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቡ። እዚያ 60 የሚል ካገኛችሁና ዝርዝሩ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ካለ፣ ምረጡት። ገንዘቡን ከፍላችሁበታል።