ከኮሚክ ገጽ ወደ ፊልም ስክሪፕት፦ ማርጃን ሳትራፒ

ኮሚክ መጽሐፍ ግማሽ ፊልም ይመስላል። ሥዕሉ አለ፣ ንግግሩ አለ፤ የቀረው ማንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚል ብዙ ነው። የማርጃን ሳትራፒን ሥራ በቅርብ ላየው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ሳትራፒ በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኢራን ውስጥ ራሽት ተወልዳ ቴህራን አደገች። አብዮቱ ሲፈነዳ ገና ልጅ ነበረች፤ ከኢራቅ ጋር የተጀመረው ጦርነት ሲከፋ ወላጆቿ በ14 ዓመቷ ብቻዋን ወደ ቪየና ላኳት። ተመልሳ ቴህራን ከተማረች በኋላ በ1994 ፈረንሳይ ገባች። ይህን ሕይወቷን በጥቁርና ነጭ ሥዕል የተረከችበት «ፐርሴፖሊስ» ከ2000 እስከ 2003 በአራት ቅጽ ወጣ።

መጽሐፉ በአጫጭር ምዕራፎች የተከፋፈለ ነው። አንባቢ አንዱን ጨርሶ ማረፍ፣ ወደ ኋላ መግለጥ፣ ደስ ያለው ሥዕል ላይ መቆየት ይችላል፤ በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለውን ክፍተትም በሐሳቡ ይሞላዋል። ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ይህ ሁሉ የለውም። ሳትራፒ ከሌላው የኮሚክ ሠዓሊ ከቫንሳን ፓሮኖ ጋር የ«ፐርሴፖሊስ»ን የአኒሜሽን ፊልም ስክሪፕት ስትጽፍ ምዕራፎቹን የሚያያይዝ ነገር ያስፈልጋት ነበር። ያገኙት መፍትሔ መጽሐፉ ውስጥ የለም፦ ያደገችው ማርጃን ፓሪስ፣ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጣ ያለፈውን ታስታውሳለች። ማረፊያው በቀለም ይታያል፤ ትዝታው ባመዛኙ በጥቁርና ነጭ። ተመልካቹ ማንም ሳይነግረው ዛሬን ከትናንት ይለያል። እኔ ከስክሪፕቱ ሁሉ ይህችን ዘዴ አስበልጣለሁ።

ሌላው ድምፅ ነው። ማርጃን ከከባድ ድብርት ስትነሳ «አይ ኦቭ ዘ ታይገር» የተባለውን ዘፈን ከዜማው እየወጣች ትዘፍነዋለች፤ ያ ሣቅ ከወረቀት ላይ አይገኝም።

ካሜራ ፊት የሚቆሙ ተዋንያን ያልተጠቀሙትም በምክንያት ነው። ሳትራፒ እንዳስረዳችው፣ ሰው ቢጫወተው ኖሮ ታሪኩ እኛን የማይመስሉ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር፤ በሥዕል የተሠራ ፊት ግን የማንም ሊሆን ይችላል።

ፊልሙ በ2007 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ሽልማት ተጋራ፤ በፈረንሳዩ የሴዛር ሽልማት በመጀመሪያ ፊልምና ከመጽሐፍ በተወሰደ ስክሪፕት አሸነፈ፤ ለኦስካርም ታጨ። ሁሉም ግን አላጨበጨበም። ኢራን ተቃውሞዋን አሰማች፤ በ2011 በአንድ የቱኒዚያ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲተላለፍ ደግሞ ፈጣሪ በሥዕል በመታየቱ ቁጣ ተነስቶ የጣቢያው ኃላፊ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀጣ።

በዚያው በ2011 ሳትራፒና ፓሮኖ «ዶሮ በፕለም» የተባለውን መጽሐፏን ይዘው ተመለሱ፤ አሁን ግን በተዋንያን። የሚወደው የሙዚቃ መሣሪያ ስለተሰበረበት ሞትን የሚመርጥ የቴህራን ሙዚቀኛ ታሪክ ነው። በመጽሐፉ መሣሪያው የኢራን ባህላዊ ታር ነው፤ በፊልሙ ቫዮሊን ሆኗል። ወረቀት ላይ ታር ቢሣል ዝም ይላል፤ ፊልም ላይ ግን መሰማት አለበት። የለወጡት የውጭው ተመልካች ጆሮ የለመደውን ፈልገው ይመስለኛል፤ ለእኔ ታሩ ቢቀር ይሻል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሌሎችን ስክሪፕትም ዳይሬክት ማድረግ ያዘች። ስለ ማሪ ኩሪ የተሠራው የ2019ኙ «ሬዲዮአክቲቭ» መነሻው እንደገና የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ ግን የእሷ ሳይሆን የሎረን ሬድኒስ፤ ስክሪፕቱን የጻፈውም ጃክ ቶርን ነው።