ሳሉ አልለቅ ያላችሁ፣ የምትውሉበትን አየር አይታችኋል?



ዛሬ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። እዚሁ አዲስ አበባ በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት እናት ለሦስተኛ ጊዜ በሳል መጡ። ማታ ማታ ደረታቸው ሲር ሲር ይላል፣ ሳሉ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ጽፌላቸዋለሁ። የዚያን ቀን ግን «እናቴ፣ ሥራዎ ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ለካ ታክሲ ተራ አጠገብ ጀበና ቡና ይሸጣሉ። ከፊት የከሰል ጭስ፣ ከኋላ የናፍጣ ጭስ! ትንፋሻቸውን በመሣሪያ ስንለካው አስም ሆኖ ተገኘ። የሚያስፈልጋቸው ፓፍ እንጂ አንቲባዮቲክ አልነበረም። መጀመሪያ ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ዘግይቼ ነው የጠየቅኩት።

🔹 ጭስ ምን ያደርገናል?

ጠላታችን በዓይን የምናየው ጥቁር ጭስ ብቻ አይደለም። በውስጡ ፒኤም 2.5 የሚባሉ ደቃቅ ብናኞች አሉ። ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮን አይበልጥም፤ የአንድ ጸጉር ውፍረት የነሱን 30 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ትልልቁን አቧራ አፍንጫችን ያስቀረዋል፤ እነዚህ ግን ሳንባ ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ፣ በጣም ደቃቆቹ ደግሞ ወደ ደም ያልፋሉ። ለዚህ ነው የከተማ ጭስ ለአስምና ለሳንባ ካንሰር ብቻ ሳይሆን ለልብ ሕመምና ለስትሮክም የሚያጋልጠን። የዓለም ጤና ድርጅት የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የአዲስ አበባ አየር ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

🔹 ጠዋት ለምን ይብሳል?

ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛና ጭሱን አፍኖ ያቆየዋል። የጠዋቱ የመኪና ሰልፍ ሲጨመርበት አስቡት።

ህዳር 12 ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። «ህዳር ሲታጠን» በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከፈጀው የህዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። ዛሬ የምናቃጥለው ግን ፌስታልና ፕላስቲክ ሆኗል። በሽታ እናባርራለን ብለን የጎረቤታችንን አስም እንቀሰቅሳለን። ጽዳቱ ይቀጥል፣ እሳቱ ይቅር።

🔹 ምን እናድርግ?

✅ ስፖርት ስትሠሩ ከዋና መንገድ ራቁ፤ በብርዱ ወራት ከማለዳ ረፋድ ይሻላል።
✅ ከሰል ደጅ አቀጣጥሉ። ፍም ይዛችሁ ቤት ዘግታችሁ በፍጹም አትተኙ፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።
✅ የጨርቅ ማስክ ደቃቁን ብናኝ እምብዛም አያስቀርም፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን 95 ይሻላል።
✅ ወተት ሳንባ አያጥብም፤ የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው 😊
✅ ፓፍ የታዘዘላችሁ «ሱስ ያስይዛል» ብላችሁ አታቋርጡ። አያስይዝም።

ሳል 2 ሳምንት ካለፈው ተመርመሩ፤ ቲቢም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የት እንደምትውሉ፣ በምን እንደምታበስሉ ራሳችሁ ንገሩት።

እኚያ እናት ልጆች የሚያሳድጉበትን ሥራ መተው አይችሉም። ግን ከታክሲ ተራው ትንሽ ራቅ ብለዋል፣ ፓፋቸውንም በአግባቡ ይወስዳሉ። አሁን ሌሊቱን ተኝተው ያድራሉ። ሰሞኑን «ዶክተር ልጄ፣ ና እንጂ ቡና ጠጣ» ብለውኛል።

ሳል ለማይለቀው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!