የብረት ሥራ ቃላትና የባለእጅ ክብር

በሐርጌሳ ከተማ ዳሚ የሚባል ሰፈር አለ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ጋቦዬ በሚል የወል ስም የሚጠሩት ባለሙያዎች ወገን ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ቱማል የሚባሉት ከጥንት ጀምሮ ለአርብቶ አደሩ ጦርና ቢላዋ ሲሠሩ የኖሩ ብረት ሠሪዎች ናቸው። ቱማል የሚለው የሶማሊኛ ቃል መምታት ከሚል ግሥ የወጣ ነው፤ አማርኛም «ቀጠቀጠ» ካለው ግሥ «ቀጥቃጭ»ን አውጥቷል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ቋንቋዎች ባለሙያውን በመዶሻው ምት ሰይመውታል ማለት ነው።

አማርኛ በመማር ላይ የምትገኙ የመሥሪያ ቤት ሰዎች የዚህን ሙያ ቃላት ብታውቁ ትጠቀማላችሁ። የበርና የመስኮት፥ የክዳንና የመደርደሪያ ትእዛዝ የሚጽፍ ሹም የዕቃውን ስም አጥርቶ ካላወቀ የመንግሥት ገንዘብ ይባክናልና።

ጠፍጣፋው ብረት፥ ከጣልያንኛ በተወሰደ ቃል፥ ላሜራ ይባላል። በገበያ የተለመዱት ዐይነቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ብረቱ ፍም መስሎ ሳለ በመዳመጫ የተዳመጠው ነው፤ ገጹ ጥቁር ቅርፊት አለው፥ ዋጋውም ረከስ ይላል። ሁለተኛው ከቀዘቀዘ በኋላ እንደ ገና የተዳመጠው ነው፤ ገጹ ለስላሳ፥ ውፍረቱም እኩል ስለ ሆነ ለቁም ሣጥን ይመረጣል። ሦስተኛው ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተለበጠው ነው፤ ይኸው ሞገድ ሲወጣለት የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይሆናል። የቆርቆሮ ውፍረት የሚነገረው በጌጅ ሲሆን፥ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብረቱ ይሳሳል። ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32 ይወፍራል፤ ይህን ያልተረዳ ሹም ወፍራም ያዘዘ መስሎት ስሱን ይረከባል።

ባለእጁ ላሜራውን ይለካል፥ በመቀስ ይቆርጣል፥ በሞርሳ አጥብቆ ያጥፋል፥ ይበሳል፥ ይሞርዳል፥ ይበይዳል። የታጠፈ ብረት ሲለቀቅ ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳልና፥ ዐዋቂው ከሚፈልገው ማዕዘን አሳልፎ ያጥፈዋል። ሳይግል ደጋግሞ የተቀጠቀጠ ብረት ይጠነክራል፥ ነገር ግን ቶሎ ይሰነጠቃል፤ አግሎ ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝ ልስላሴውን ይመልስለታል። ዚንክ ያለበት ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጢስ ትኩሳት ስለሚያስይዝ፥ ዚንኩን አስቀድሞ ፍቆ ነፋስ ባለበት ቦታ መበየድ ይገባል።

ከዕቃው ስም ይልቅ ግን የሰውየው አጠራር ጥንቃቄ ይሻል። በሶማሌዎች ዘንድ ሌሎቹ ጎሳዎች ከቱማል ጋር ጋብቻን ሲጸየፉ ኖረዋል። በአገራችንም ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ» ብሎ መስደብ የተለመደ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፥ ስድቡ ከሰው አንደበት ጨርሶ አልጠፋም።

በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በአውሮፕላንና በመድፍ ስትደበደብ ብዙ ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ በሐርተ ሼክ ተጠልሎ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ተመልሶ የፈረሰውን ቤት ሲያድስ ክዳንና በር አስፈልጎታል፤ ይህም ያለ ብረት ሠራተኛ እጅ የሚሆን ነገር አይደለም። ቤቱን የሚከድንልንን ሰው ንቆ ከቤቱ ጥላ መቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል ራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በንቀት ሲነገር ነው። ስለዚህ ወደ ብረት ሥራ ቤት ስትሄዱ ባለቤቱን «ባለሙያ» በሉ፥ «አንተ» ከማለትም «እርስዎ» ማለትን አስቀድሙ፤ ይህም ከላሜራና ከጌጅ እኩል ልትማሩት የሚገባ አማርኛ ነው እንላለን።