አንዴ ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ

እስቲ አስቡት፤ እናንተ ባሕር ዳር ናችሁ፣ ጓደኛችሁ ደግሞ ከጣና ማዶ ጎርጎራ። ጀልባው መቼ እንደሚነሳ ልትነግሩት ፈልጋችኋል። መልእክቱ «ነገ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ችግሩ፣ ወረቀቱን የሚያደርሰው ሰው የሰው ደብዳቤ ማንበብ ይወዳል። ምን ታደርጋላችሁ?

ነገሩ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1940 በእንግሊዝ አገር ብሌችሊ ፓርክ የነበሩ ባለሙያዎች በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የጣሊያን ጦር ይጠቀምበት የነበረን ከባድ ምስጢራዊ ጽሑፍ ፈቱ። ያኔ ባሕር ዳርም ላይ የጣሊያን ጦር ሰፍሮ ነበር። ጣሊያኖቹ ምስጢራችን ተጠብቋል ብለው ሲጻጻፉ ጠላት ያነብ ነበር።

ጨርሶ የማይፈታ ምስጢር ግን አለ፤ «የአንድ ጊዜ ቁልፍ» (ዋን ታይም ፓድ) ይባላል። መደመርና መቀነስ ለሚችል ሰው እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል።

መጀመሪያ የፊደል ገበታውን ቁጠሩ። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 ቤት ስላላቸው በድምሩ 231 ናቸው። ሀ 1፣ ሁ 2፣ ለ 8 እያላችሁ እስከ ፖ፣ ማለትም እስከ 231፣ ዝለቁ። በዚህ ቆጠራ ነ 92፣ ገ 176 ነው።

ቀጥሎ ቁልፉ። ከ1 እስከ 231 የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ኮፍያ ውስጥ ከታችሁ ዕጣ አውጡ። የወጣውን መዝግባችሁ ወረቀቱን መልሱት፣ ቀላቅሉና ድገሙ። 201 እና 87 ወጣ እንበል። ጓደኛችሁ ወደ ጎርጎራ ሳይሄድ የቁልፉን ግልባጭ በእጁ ስጡት።

አሁን ደምሩ፤ ድምሩ ከ231 ካለፈ 231 ቀንሱለት።

ነ፦ 92 + 201 = 293፤ 293 − 231 = 62፤ ይህ «ቅ» ነው።
ገ፦ 176 + 87 = 263፤ 263 − 231 = 32፤ ይህ «ሣ» ነው።

«ቅሣ» ብላችሁ ትልካላችሁ። ጓደኛችሁ ቁልፉን ይቀንሳል፤ ውጤቱ ከ1 ካነሰበት 231 ይጨምርና «ነገ»ን ያገኛል።

መልእክተኛውስ? 53,361ዱንም ቁልፎች ቢሞክር ምንም አይጠቅመውም። በ201 እና 87 «ነገ» ይወጣለታል፤ በ149 እና 223 ግን «ዛሬ» ይወጣለታል። ባለ ሁለት ፊደል ቃል ሁሉ ይወጣል፣ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ የሚጠቁም ነገር ግን የለም። የዓለም ፈጣኑ ኮምፒውተርም ቢሆን ከእሱ አይሻልም። ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ ይህንን በሒሳብ አረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ1949 አሳትሟል።

ማረጋገጫው ግን የሚሠራው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ቁልፉ በዕጣ የወጣ፣ ከመልእክቱ ያላጠረ፣ ከሁለታችሁ በቀር ማንም ያላየው፣ ደግሞም ሁለተኛ የማይነካ መሆን አለበት። ሰዎች በብዛት የሚሰናከሉት በመጨረሻው ላይ ነው።

ሰነፋችሁና በዚያው ቁልፍ «ዛሬ» ብላችሁ ላካችሁ እንበል። ዛ 144 ነው፤ 144 + 201 − 231 = 114። መልእክተኛው ሁለቱን የተመሰጠሩ ፊደላት ያቀናንሳል፤ 114 − 62 = 52። ከዛ ላይ ነ ሲቀነስም፣ 144 − 92፣ ያው 52 ነው! ቁልፉ ተጣፋ፤ የቀረው በሁለት የአማርኛ ፊደላት መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። መልእክቶቹ ረጅም ሲሆኑ ቃላት እየገመቱ ሁለቱንም መፍታት ይቻላል።

ሶቪየት ኅብረትን የገጠማት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ የቁልፍ ገጾች ተደግመው ታተሙ፤ አሜሪካኖችም «ቬኖና» በተባለው ፕሮጀክት ከመልእክቶቹ የተወሰኑትን አነበቡ።

ታዲያ ስልካችን ለምን በዚህ አይሠራም? የመልእክቱን ያህል የረዘመ ቁልፍ አስቀድሞ በምስጢር መድረስ ስላለበት ነው። ስለዚህ ስልኮች አጭር ቁልፍ ይጠቀማሉ፤ የሚተማመኑትም መፍታቱ እጅግ ከባድ በመሆኑ እንጂ ፈጽሞ ስለማይቻል አይደለም።

እናንተ ግን ከጓደኛችሁ ጋር ሞክሩት። ስትጨርሱ ያገለገለውን ቁልፍ አቃጥሉት፤ ነገ ሌላ ዕጣ አውጡ።