ዋትስአፕ፦ ጥቅሙ ብዙ፣ ጥንቃቄውም የዚያኑ ያህል

ሰሞኑን እዚሁ ሰፈራችን አንዲት እናት ስልካቸውን ታቅፈው ሲያለቅሱ አገኘናቸው። አረብ አገር ላለችው ልጃቸው፣ ከእናቷ ዋትስአፕ "ታምሜአለሁ፣ በዚህ ቁጥር ቶሎ ገንዘብ ላኪልኝ" የሚል ጽሑፍ ይደርሳታል። እናቷ ፊደል እንዳልቆጠሩ ብታውቅም ጎረቤት ጽፎላቸው ይሆናል ብላ የወር ደመወዟን ላከች። ገንዘቡ የገባው ግን ሌባ እጅ ነው።

ነገሩን ስናጣራ፣ በዋዜማው አንድ ሰው ደውሎ "እማማ፣ በስሕተት እርስዎ ስልክ ላይ የገባ ቁጥር አለ፣ እባክዎ ይንገሩኝ" ብሏቸው ኖሯል። እሳቸውም የጎረቤት ልጅ ጠርተው አስነበቡለት። ያ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር የዋትስአፓቸው ቁልፍ ነበር። "ሰው የረዳሁ መስሎኝ ነው እኮ ልጆቼ!" አሉን።

ታዲያ ዋትስአፕን እንተወው? እንዲያ አንልም። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ጃን ኩም እንኳ እ.ኤ.አ. በ1992፣ በ16 ዓመቱ፣ ከእናቱ ጋር ከዩክሬን ወጥቶ አሜሪካ የገባና በምግብ ድጎማ የኖረ ሰው ነው። እሱና ብራያን አክተን በ2009 የጀመሩትን አገልግሎት ፌስቡክ በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ለእኛም ጥቅሙ ግልጽ ነው። በትንሽ ባንድል ባሕር ማዶ ይደወላል። ኔትወርክ ቢጠፋ መልእክቱ ጠብቆ ይሄዳል። ማንበብ የማይችል በድምፁ ይልካል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ መልእክቱን ከላኪና ከተቀባይ በቀር ኩባንያውም እንኳ እንዳያነበው ተደርጎ ይቆለፋል።

ጉድለቱስ? አንደኛ፣ አካውንቱ የታሰረው በስልክ ቁጥር ነው። በሰው ስም የወጣ ሲም ካርድ የያዝን ብዙዎች ነን፤ ባለስሙ ሲሙን ካስቀየረ ዋትስአፓችንም አብሮ ይሄዳል። 120 ቀን ያልተከፈተ አካውንትም ሊሰረዝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ያው ቁልፍ ለውሸትም ከለላ ነው። ኩባንያው በ2019 አንድን መልእክት በአንዴ ከ5 ቦታ በላይ ማስተላለፍን ከለከለ፤ በ2020 ደግሞ ብዙ እጅ የዞረውን ወደ አንድ ቦታ ብቻ አደረገው። ሆኖም "ለሪሴትልመንት ይህን ፎርም ሙሉ፣ ይህን ያህል ክፈሉ" የሚለው ወሬ ዛሬም ከግሩፕ ግሩፕ ይዞራል። ልብ በሉ፦ የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ በነፃ ነው፤ ክፈሉ ያላችሁ ሁሉ አታላይ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ 6 አኃዙን ቁጥር ለማንም፣ ለወንድምም ቢሆን አትስጡ። ሴቲንግ፣ ከዚያ አካውንት፣ ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ከፍታችሁ የራሳችሁን ሚስጥር ቁጥር አስገቡ፤ የማይችል ካለ ጎረቤት ያግዘው። የተሰረቀባችሁ እንደሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ በዚያው ቁጥር እንደገና ተመዝገቡ፤ አዲሱ ቁጥር ሲገባ ሌባው ይወጣል።

እኚያ እናትም አካውንታቸውን በዚሁ መንገድ አስመልሰዋል። የልጃቸው ደመወዝ ግን አልተመለሰም። አሁን እናትና ልጅ አንድ ነገር ተስማምተዋል፦ ደውለው በድምፅ ሳይነጋገሩ አምስት ሳንቲም አይላክም።