ባለቀለም ሌዘር ፕሪንተር እና በወፍራም ወረቀት ላይ የሁለት ገጽ ኅትመት

ባለቀለም ሌዘር ፕሪንተር ቶነር የተባለውን የቀለም ዱቄት በኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ወረቀት ላይ አስቀምጦ በሙቀትና በግፊት የሚያጣብቅ ማተሚያ ነው። በተራ ወረቀት ላይ ሁለቱንም ገጽ ማተም ዛሬ ለብዙዎቹ ቀላል ሥራ ነው። ለሠርግ ጥሪ፣ ለፊደል መማሪያ ካርድ፣ ለምግብ ዝርዝርና ለመጽሐፍ ሽፋን በሚያገለግል ወፍራም ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ጉዳዩ ይለያል። አንድ ፕሪንተር «ወፍራም ወረቀት ይቀበላል» እና «ሁለት ገጽ ያትማል» ሲባል ሁለቱን ባንድነት ይሠራል ማለት አይደለም። ለዚህ ሥራ ፕሪንተር የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይህን ልዩነት ነው።

አጭር ታሪክ

የሌዘር ፕሪንተር መሠረት የሆነውን የደረቅ ኅትመት ዘዴ የፈለሰፈው አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ ያገኘው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1938 በኒውዮርክ ከተማ በአስቶሪያ ሠፈር ነበር። ጋሪ ስታርክዌዘር የተባለ የዜሮክስ መሐንዲስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የኩባንያው የምርምር ማዕከል ይህን ዘዴ ከሌዘር ጨረር ጋር አጣምሮ የሚሠራ ፕሪንተር ሠራ። ዜሮክስ 9700 የተባለው ትልቅ ሌዘር ፕሪንተር በ1977 ለገበያ ቀረበ። ኤች.ፒ. በ1984 ሌዘርጄትን፣ በ1994 ደግሞ ባለቀለሙን ከለር ሌዘርጄት አወጣ።

የወረቀት ክብደት

የወረቀት ውፍረት በንግድ የሚገለጸው በክብደቱ ነው። መለኪያው ግራም በካሬ ሜትር ሲሆን በአጭሩ «የ80 ግራም ወረቀት» ይባላል። ተራ የቢሮ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ 80 ግራም ነው። ካርድ የሚባለው በግምት ከ160 ግራም ይጀምራል፤ የስም ካርድ ብዙ ጊዜ 300 ግራምና ከዚያ በላይ ይሆናል። በአሜሪካ ወረቀት የሚለካው በፓውንድ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ማነጻጸር ያሳስታል። ለምሳሌ እዚያ 65 ፓውንድ የሽፋን ወረቀት የሚባለው ወደ 176 ግራም፣ 80 ፓውንዱ ደግሞ ወደ 216 ግራም ይሆናል።

ክብደቱ ያልተጻፈበትን ወረቀት ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። የኤ4 ወረቀት ስፋት የአንድ ካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ 16 የኤ4 ወረቀቶችን በወጥ ቤት ሚዛን መመዘን ይበቃል። ሚዛኑ 200 ግራም ካሳየ ወረቀቱ የ200 ግራም ነው።

ወፍራም ወረቀት ለምን ያስቸግራል?

በፕሪንተሩ ውስጥ ሌዘሩ ድራም በተባለው ጥቅልል ላይ የምስሉን ቅርጽ በሙል ይስላል። ቶነሩ በዚያ ቅርጽ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል። በባለቀለም ፕሪንተር ይህ ለአራት ቀለሞች ማለትም ለሲያን፣ ለማጀንታ፣ ለቢጫና ለጥቁር ይፈጸማል። በመጨረሻም ወረቀቱ ፊውዘር በሚባሉት የጋሉ ሮለሮች መካከል ሲያልፍ ዱቄቱ ቀልጦ ይጣበቃል።

ወፍራም ወረቀት በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛው ሙቀት ነው። ካርድ ከተራ ወረቀት ይልቅ ብዙ ሙቀት ስለሚወስድ ቶነሩ በደንብ ላይቀልጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ኅትመት በጥፍር ሲፋቅ ይነሣል። ስለዚህ ፕሪንተሩ ለካርድ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። ይህንንም የሚያደርገው በኮምፒዩተሩ የኅትመት ቅንብር ውስጥ የወረቀቱ ዓይነት «ወፍራም» ወይም «ካርድ» ተብሎ ሲመረጥለት ነው።

ሁለተኛው መታጠፍ ነው። ዱፕሌክስ የተባለው የሁለት ገጽ መሣሪያ አንድ ፊቱ የታተመበትን ወረቀት ወደ ኋላ ስቦ፣ በጠባብ ኩርባ አዙሮ እንደገና ወደ ድራሙ ይመልሰዋል። ተራ ወረቀት በቀላሉ ይታጠፋል። ካርድ ግን ይገትራል፤ ወይ ይቀረቀራል፣ ወይ ጠምዞ ይወጣል።

በዚህ ምክንያት የቴክኒክ መግለጫዎች ሁለት የተለያዩ የክብደት ጣሪያዎችን ይሰጣሉ። ብዙ አነስተኛ የቢሮ ፕሪንተሮች በእጅ ማጉረሻው በኩል እስከ 200 ግራም አካባቢ ሲቀበሉ፣ በራሱ የሚሠራው ዱፕሌክስ ጣሪያ ግን ከ105 እስከ 160 ግራም ገደማ ላይ ያበቃል። የማስታወቂያው ጽሑፍ ጎላ አድርጎ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ቁጥር ነው።

ምን ዓይነት ፕሪንተር ይመረጣል?

በቅድሚያ የሚፈለገው ካርድ ክብደት ይወሰናል። ከዚያ በመግለጫው ላይ ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ የእጅ ማጉረሻው ጣሪያ፣ የዱፕሌክሱ ጣሪያ እና የወረቀቱ መንገድ።

የዱፕሌክሱ ጣሪያ ከተፈለገው ክብደት በላይ ከሆነ ሥራው በራሱ ይሄዳል። እንዲህ ያሉ ፕሪንተሮች ብዙውን ጊዜ ትልልቅና ውድ ስለሆኑ በየጊዜው በርካታ ካርድ ለሚያትም ሰው ይስማማሉ። የዱፕሌክሱ ጣሪያ አንሶ የእጅ ማጉረሻው ጣሪያ ከበቃ ደግሞ አንዱን ፊት አትሞ፣ ወረቀቱን በእጅ ገልብጦ ሁለተኛውን ማተም ይቻላል። በወር ጥቂት ደርዘን ካርድ ለሚያትም ሰው ይህ በቂ ነው።

በእጅ ለማገላበጥ ቀጥተኛ የወረቀት መንገድ ያለው ፕሪንተር ይመረጣል። በዚህ ዓይነቱ ፕሪንተር ካርዱ በአንድ በኩል ገብቶ የኋላ ወይም የጎን በር ሲከፈት ሳይታጠፍ ይወጣል። በሌዘር ፈንታ የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶችን ረድፍ የሚጠቀሙ፣ እንደ ኦኪ ያሉ ኩባንያዎች የሠሯቸው ፕሪንተሮች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ መንገድ አላቸው።

ወረቀቱም ለሌዘር የተሠራ መሆን አለበት። ለኢንክጄት የተዘጋጀ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ቅቡ በፊውዘሩ ሙቀት ቀልጦ ሮለሩን ሊያበላሽ ይችላል። በሠርግ ጥሪዎች ላይ የሚወደደው የወርቅ ወይም የብር ፎይል ያለው ካርድ የሙሉን ሥራ ያዛባል። ሻካራና ጎርባጣ ካርድ ላይ ደግሞ ቶነሩ ጎድጓዳውን ቦታ ሳይነካው ያልፋል።

ሁለቱን ፊት ማገጣጠም

ወረቀት በፊውዘሩ ሲያልፍ እርጥበቱን ስለሚያጣ በጥቂቱ ይኮማተራል። ስለዚህ የፊትና የኋላ ምስሎች በአንድና በሁለት ሚሊ ሜትር ሊዛነፉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ፊት ከታተመ በኋላ ካርዶቹን ከጠፍጣፋ ነገር በታች አድርጎ እስኪቀዘቅዙ መጠበቅ ጥምዘቱን ይቀንሳል። በካርዱ ዳር ቀጭን ክፈፍ ከመሳል ይልቅ የጀርባውን ቀለም ከመቁረጫው መስመር አሳልፎ ማስፋት መዛነፉን ይሸሽጋል።

በአንድ ወረቀት ላይ ብዙ ካርድ ሲታተም አደራደሩም ይታሰብበታል። ለምሳሌ የፊደል ካርድ በአንድ ኤ4 ላይ አራት አራት ሆኖ ቢታተም፣ በፊት ገጽ ከላይ «ሀ» እና «ለ»፣ ከታች «ሐ» እና «መ» ይቀመጣሉ። ወረቀቱ በረጅሙ ጎን ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ስለሚሆን የኋላው ገጽ ሥዕሎች ከላይ የ«ለ» እና የ«ሀ»፣ ከታች የ«መ» እና የ«ሐ» ሆነው መደርደር አለባቸው። ይህ ከተረሳ ካርዱ ሲቆረጥ የ«ሀ» ጀርባ የ«ለ»ን ሥዕል ይዞ ይገኛል። ውድ ካርድ ከማባከን በፊት በተራ ወረቀት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ የማጉረሱን አቅጣጫ መፈተን ይበጃል።

ታጥፎ የሚቀርብ ካርድ ከሆነ የቃጫው አቅጣጫም ይታያል። ካርድ በቃጫው አቅጣጫ ሲታጠፍ ንጹሕ መስመር ይሰጣል፤ ቃጫውን አቋርጦ ሲታጠፍ ግን ቶነሩ ይሰነጠቃል። ከመታጠፉ በፊት መስመሩን በደነዘ ነገር ማስረግ ስንጥቁን ይቀንሰዋል።

ወጪና ኤሌክትሪክ

የፕሪንተሩ ዋጋ ብቻውን ወጪውን አያሳይም። አራቱ የቶነር ካርትሪጆች፣ ድራሙና ፊውዘሩ በየጊዜው ይተካሉ። ከአዲስ ፕሪንተር ጋር የሚመጣው ካርትሪጅ ብዙ ጊዜ ከሚሸጠው ያነሰ ቶነር አለው። አምራቾች አንድ ካርትሪጅ ስንት ገጽ እንደሚያትም የሚገልጹት በአይ.ኤስ.ኦ. 19798 መለኪያ ነው። ቁጥሩ የሚገኘው ቀለም ከበዛበት ካርድ ሳይሆን ቶነር ጥቂት ከሚፈጅ የመፈተኛ ገጽ ስለሆነ ሙሉ ፊቱ ቀለም የሆነ ካርድ ካርትሪጁን ከተባለው እጅግ ቀድሞ ይጨርሰዋል።

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪንተር የሚልክ ሰው ቮልቴጁን ማየት አለበት። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120፣ የኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልት ነው። የሌዘር ፕሪንተር ፊውዘር አብዛኛውን ጊዜ ለአንዱ ቮልቴጅ ብቻ የተሠራ ስለሆነ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ሁለቱንም አይቀበልም። ፊውዘሩ ሲሞቅ ከ1000 ዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል ትንሽ ትራንስፎርመር ወይም የኮምፒዩተር ዩ.ፒ.ኤስ. አይሸከመውም።

ከ300 ግራም በላይ ለሆነ ካርድ አብዛኞቹ የጠረጴዛ ፕሪንተሮች አይሆኑም። እንዲህ ያለውን ሥራ ማተሚያ ቤት መስጠት፣ ወይም ወደ 200 ግራም ካርድ ዝቅ ብሎ በእጅ ማገላበጥ ይሻላል።